ባዶ ያልተመለሰው ሣጥን

ይህን የምጽፈው ከመዳፌ በማትሰፋ አንዲት ፋን ሰበብ ከቤታችን ምን እንደጠፋ ሳይዛባ ተመዝግቦ እንዲቀር ነው። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ቁጣዬ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ታሪኩን በቃል ባወራሁት ቁጥር ሰሚው ይስቃል። ለጨዋነት ስል እኔም አብሬ ፈገግ እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ በፈገግታዬ እናደዳለሁ። ወረቀት ፊት ግን ለማንም ፈገግ የማለት ግዴታ የለብኝም።

አባቴ ወታደር ነበሩ። ሠራዊቱ በተበተነበት ዓመት ከደቡቡ ጠረፍ ተነሥተው በእግራቸው ነገሌ ገቡ፤ ወደ ተወለዱበት ወደ ሰሜን አልተመለሱም። እዚሁ እናቴን አገቡ፣ ከመናኸሪያው በታች ባለ ጋራዥ የአይሱዙ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ከጦር ካምፑ አጥር ማዶ ባለችው ቤታችን መዋል ጀመሩ። ስለዚያ ጉዞ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔና እናቴ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አብሯቸው የተነሣ አንድ ጓደኛ እንደነበረ፣ ጓደኛውም ከቦረናዋ የውኃ ጉድጓዶች ቀበሌ፣ ከዱብሉቅ፣ ወዲህ እንዳልመጣ። እንግዳ በጨዋታ መካከል የዱብሉቅን ስም ከጠራ አባቴ ቀስ ብለው ይነሡና እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እጃቸው ንጹሕ ቢሆንም ይታጠባሉ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የሌሎች ሰዎች አባቶች የተጓዙበትን መንገድ በካርታ እያሳየሁ ተማሪ እፈትናለሁ፤ የራሴ አባት በእግራቸው ያቋረጡትን አገር ግን በየት ገብተው በየት እንደወጡ መናገር አልችልም ነበር። ይህ እንደ መምህር ያሳፍረኝ፣ እንደ ልጅ ይከነክነኝ ነበር። የእናቴ ሙት ዓመት ካለፈ በሳምንቱ አባቴ ራሳቸው ጠሩኝ።

«ያ ካሜራ የምትሉት ነገር አለ አይደል፣ ትምህርት ቤት?»

«አለ፣ አባዬ።»

«አምጣው። አቁምልኝና አንተ ውጣ።»

«አብሬዎ ብቀመጥስ? የሚጠይቅዎ ሰው ቢኖር ይሻላል።»

«ጥያቄ ካለበት ይቅር። አንተ ፊት አልችልም። ለዚያ ለመስተዋቱ አንድ ጊዜ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አትጠይቀኝም። ተስማማን?»

ተስማማን።

ካሜራውን በደብዳቤ ጠይቄ በውሰት ወሰድኩ፤ ዓርብ እየተረከብኩ ሰኞ ጠዋት እመልሳለሁ። አሥራ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አባቴ የክት ኮታቸውን ለብሰው ከግድግዳው ፊት ይቀመጣሉ። እኔ ካሜራውን አስተካክዬ ቀዩን መብራት አይና እወጣለሁ። ግቢያችን ዳር ካለችው ግራር ሥር አንድ ድንጋይ ነበር፤ መጀመሪያ እዚያ እቀመጥ ነበር። ድምፃቸው በቆርቆሮው በር እያለፈ ሲደርሰኝ፣ ቃሉ ባይለይም፣ ቃሌን ያፈረስኩ መሰለኝና ከግቢ ወጥቼ መንገድ ላይ መንጎራደድ ያዝኩ። ሲጨርሱ በሩን ከፍተው ውኃ ይጠይቃሉ። ካሜራው ያለው አንድ ሜሞሪ ካርድ ብቻ ስለነበር፣ የተቀረጸውን ወዲያው ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ ካርዱን ባዶ አደርገዋለሁ።

በሕይወቴ የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ግልባጭ አለው። የዓመት ፈቃድ የጠየቅኩበት፣ የመብራት ቆጣሪ እንዲታይልኝ ያመለከትኩበት፣ ሁሉም በቀኑ ተሰድሮ በሣጥን ፋይል ተቀምጧል። የአባቴን ቃል ግን በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ አስቀመጥኩ። ከሁሉ አስቀድሞ የምቆጣው በዚህ ነው።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ አዲስ ሲያስገባ አሮጌውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ቪዲዮ የሚያስኬድ ግራፊክስ ካርድ አለው ተብሎ ነው የተመሰገነልኝ። ካርዱ ያኔም አሮጌ ነበር፤ በላዩ አንዲት ጥቁር ፋን ተገጥማለች፣ ሥራዋም እንዳይግል ማቀዝቀዝ ነው። የነገሌ ቀይ አፈር የማይገባበት ቀዳዳ የለምና እርሷም ዓመት ከዓመት ስትውጠው ኖራለች። ስትዞር ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ታጉረመርም ነበር፤ እኔም ለምጃት ነበር።

ሁሉንም ተቀርጾ ካለቀ በኋላ በተራ ለመስማት ወስኜ ነበር። ለዚህ ብዬ ደብተር ገዛሁ፤ አስምሬ በየገጹ አናት ቁጥር ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ፋይል በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰማሁ። አባቴ ስለ ተወለዱበት ቀዬና ስለ ምልመላው ተናገሩ። ሁለተኛው ስለ ጓደኛቸው ነበር፤ እንዴት እንደተዋወቁ፣ ምን እንደሚያስቃቸው። አባቴ ሲስቁ በዚያ ፋይል ላይ ከዚህ በፊት ያላየሁትን ሰው አየሁ። በዚያው ፋይል መካከል ፋኗ ማጉረምረሟን ተወች። ቤቱ ጸጥ አለና የአባቴ ድምፅ ጠርቶ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ እንዲታወቅ ይህንንም እጽፋለሁ፤ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ፋይል አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አባቴ እንዲህ አሉ፤ «ዱብሉቅ ስንደርስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰው ተሰልፏል። እሱ መራመድ አቅቶታል። አንድ ሽማግሌ አዩንና…» እዚህ ላይ ፊታቸው ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ አራት ማዕዘኖች ፈሰሱ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

አስነሣሁት። እንደገና ጠቆረ። አራት ቀን ሙሉ ሞከርኩ። አሁን የሚያንገበግበኝ፣ በእነዚያ አራት ቀናት እያንዳንዱን ሙከራ ከፋይሉ መጀመሪያ መጀመሬ ነው። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ዘልዬ ብከፍተው ኖሮ፣ ካርዱ ሳይግል ቢያንስ ሽማግሌው ያደረጉትን እሰማ ነበር። አባት የተናገረውን እየቆረጡ መስማት ንቀት መሰለኝ። በአምስተኛው ቀን ሲስተሙ ተነሥቶ ሳይጨርስ ይጠፋ ጀመር።

አባቴ መጥተው የኮምፒውተሩን ሣጥን ጎን እንድከፍት አዘዙኝ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ፋኗን በጣታቸው ገፋ አደረጓት፤ ሩብ ዙር ሄዳ ቆመች።

«የምትዞርበት ኩሽኔታ ደርቋል። አጽድተህ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርግባት።»

«አባዬ፣ ይህ ሞተር አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ ነው።»

«የሚዞር ነገር ሁሉ ሞተር ነው።»

«ዘይት ከነካው ይቃጠላል። ለባለሙያ እሰጠዋለሁ። የሚፈለገውን በጽሑፍ አቀርባለሁ።»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለፋን ደብዳቤ ትጽፋለህ?»

ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ ፋን ብልሽትን ይመለከታል» ይላል። ፋኑ መዞር ማቆሙን፣ ካርዱ ሲግል ስክሪኑ የሚጠፋ መሆኑን፣ ፋኑ እንዲጠገን ወይም በሌላ እንዲተካ መጠየቄን በሦስት ነጥብ ይዘረዝራል። ፈረምኩበት። ግልባጩን ፋይል አደረግኩ። ዛሬም አለ።

ጠጋኙ በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነ የቦረና ሰው ነው፤ በመናኸሪያው መንገድ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበና ሳቀ።

«ኧረ መምህር! ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎልኝ አያውቅም። ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው?»

«ለጥፈው፤ ብቻ በተጻፈው መሠረት ሥራው።»

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ደብዳቤዬ እውነትም ከመደርደሪያው በላይ ተለጥፏል።

«መምህር! አካም? ናጋ?»

«ናጋ። ፋኑ ተሠራ?»

«ፋኑ ምንም አይደል፤ በሽታው ውስጥ ነበር። ሲስተሙ ተጨናንቆ ነው ካርዱን የሚያግለው። ፎርማት አደረግኩት፣ አለቀ! አሁን ፈረስ ሆኗል።»

በእኛ ከተማ ፎርማት፣ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን፣ የሁሉም በሽታ መርፌ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ቢያኝክ ፎርማት፣ ኪቦርድ ላይ ሻይ ቢፈስ ፎርማት። ይህን አውቅ ነበር። በስታፍ ክፍላችን የምንስቅበት ጉዳይ ነበር።

«ሙሉውን ሃርድ ዲስክ?» አልኩት።

«ሙሉውን። እኔ ግማሽ ሥራ አልሠራም።»

«በውስጡ የነበረውስ?»

«ዕቃ ነበረበት እንዴ?» ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች አየው። «እዚህ ላይ የለም እኮ።»

የለም። ሦስት ነጥብ ጽፌ አራተኛውን አልጻፍኩም።

መልኬ ሲለወጥ አይቶ ነው መሰለኝ ትከሻዬን ያዘኝ። «ሂን ያዳኢን፣ አታስብ መምህር። ባዶውን መች ሰጠሁህ!» ስክሪኑን አብርቶ አሳየኝ። «መምህር» የሚል ፎልደር ከፍቷል። የኦሮምኛ ዘፈን፣ የአማርኛ ዘፈን፣ የህንድ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፤ ዲስኩ ጢም ብሎ እስኪሞላ ድረስ ጭኖበታል። «ይኸኛው ደግሞ መዝሙር ነው። አንተ ኦርቶዶክስ አይደለህ? እኔ ስለሌለኝ ከጎረቤት ለምኜ ነው ያመጣሁልህ።»

በአገራችን ሰው ወተት ልኮልህ እንደሆነ የወተት ዕቃውን ባዶ አትመልስም። ስኳር ወይም ሻይ ቅጠል ታደርግበታለህ፤ ቢቸግርህ አንድ እፍኝ ጨው። ይህ ሰው የእኔን ሣጥን እንደ ወተት ዕቃ ቆጠረው። ሙስሊም ሆኖ ለእኔ ብሎ መዝሙር ሲለምን ዋለ። ክፉ አስቦ ቢሆን ኖሮ ቁጣዬ የሚያርፍበት ስፍራ ያገኝ ነበር።

ጮህኩ። ረባሽ ተማሪ ላይ እንኳን ያላነሣሁትን ድምፅ አነሣሁ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ከጎን ያለችው ሻይ ሻጭ ብርጭቆ እንደያዘች መጣች፤ ሁለት ሹፌሮች ከአይሱዙ ወረዱ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ፊልም ጠፍቶበት ነው።»

«ለፊልም ነው እንዲህ? መምህር፣ ና እኔ ዘንድ፣ የቻይናም አለኝ!»

ሳቁ። ጠጋኙ ግን አልሳቀም። «ምን ነበረበት?» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ። «አባቴ» አልኩት። የሣጥኑን ጎን ከፍቼ አየሁ። መብራቱ በርቷል፣ ዲስኩ ይሠራል፣ ካርዱ ግሏል። ፋኗ ቆማለች። ማንም አልነካትም፤ ቀዩ አፈር እንኳ እንደነበረ ነው።

ሣጥኑን ተሸክሜ ቤት ስገባ አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገርኳቸው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንተ ሰምተኸው ነበር?»

«ሁለቱን። ከሦስተኛው አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

ተነሡና ወደ ጓሮ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ሲመለሱ የእናቴን የስፌት መኪና መሳቢያ ከፍተው ዘይቷን አወጡ። ካርዱን ነቀሉ፣ ፋኗን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረጉ፣ መሐሏ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በመርፌ አንሥተው አንዲት ጠብታ ጣሉ፣ መልሰው ገጠሙ። ቡና ተፈልቶ በሚጠጣበት ጊዜ ሥራው አለቀ። ፋኗ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረች። አባቴ ጥቂት ሲያዩዋት ቆዩና ዘይቱን ወደ መሳቢያው መለሱ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

በማግሥቱ ጠጋኙ ወተት ይዞ ቤታችን መጣ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅኩም» ብሎ ከደጃፉ ቆመ። አባቴ እጁን ይዘው አስገቡት፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ከብቶቹና ስለ ዝናቡ ጠየቁት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይቅር ብለውት አለቀ። የጠፋው የእርሳቸው ነውና ይቅር የማለት መብት ነበራቸው። እኔ ግን አልተጠየቅኩም። ወተቱ በተገለበጠ ጊዜ ዕቃውን እኔ አጥቤ ለሱቁ አደረስኩ። ባዶውን መለስኩት። ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ፤ እኔንም አየ። በዚያ ቀን ያደረግኩትን አልጸጸትበትም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ያቤሎ ላይ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሰው አለ ሲባል ሃርድ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ በአይሱዙ ጋቢና ሄድኩ። ሰውየው ግማሽ ቀን ደከመበት።

«ፎርማት ብቻ ቢሆን ኖሮ አወጣልህ ነበር» አለኝ። «ግን ላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ ጥግ ድረስ። ባዶውን ቢመልስልህ ምን ነበረበት?»

ያገኘው የፋይሎቹን ስምና ርዝመት ብቻ ነበር። ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ስለ ፋኗ ስነግረው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። «ካርዱን ነቅለህ ስክሪኑን በኮምፒውተሩ በራሱ መውጫ ብትሰካው ኖሮ እኮ ቪዲዮው ይታይህ ነበር። ለመስማት ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም።» ይህን ሊያጽናናኝ ብሎ አልነበረም የተናገረው፤ ስለ ሥራው ነው የተናገረው። አመስግኜው ወጣሁ።

ከያቤሎ ዱብሉቅ ድረስ ወረድኩ። ጉድጓዶቹ ዘንድ ቆምኩ። ከታች እስከ ላይ የተደራረቡ ሰዎች እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ከብቱ ተራውን ጠብቆ ይገባል። አንድ አዛውንት «አካም? ናጋ?» አሉኝ፤ «ናጋ» አልኩ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ከነገሌ አልኩ። ምን ልትፈልግ መጣህ አሉኝ። የአባቴን ጓደኛ መቃብር እንዳልጠይቅ መሞቱን እንኳ በእርግጥ አልሰማሁም። አባቴ የጠቀሷቸውን ሽማግሌ እንዳልፈልግ ያደረጉትን አላውቅም። የታሪክ መምህር ነኝ፤ እዚያ ቦታ ቆሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አልነበረኝም። ውኃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ።

ቃል ገብቼ ነበርና አባቴን አልጠየቅኩም። ወራት ካለፉ በኋላ ግን በአንድ እሑድ ኮታቸውን ለብሰው ከግድግዳው ፊት ተቀመጡ። ካሜራውን አቆምኩ፣ ቀዩን መብራት አየሁ፣ ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱ ውኃ አልጠየቁም።

ያንን ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ። አርባ ደቂቃ ነው። አባቴ ተቀምጠው ወደ መስተዋቱ ይመለከታሉ። ሁለት ጊዜ አፋቸውን ይከፍታሉ። በመጨረሻ «አንዴ ተናግሬዋለሁ» ይሉና ይነሣሉ። የዚህ ፋይል ግልባጭ በሦስት ቦታ አለኝ፤ ፋኗም ዛሬ ድረስ ትዞራለች።

የጠፋው፦

አሥራ አንድ ፋይል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

ከዚህ የሰማሁት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።

ያልሰማሁት ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።